እህቴ ሁሉንም በትክክል ይዛ ታመመች፤ ታዲያ የጡት ካንሰርን የሚቀንስ ልማድ አለ ወይ?

የአራት ኪሎዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ታላቅ እህቴ የጡት ካንሰር እንዳለባት ከተነገራት ብዙም አልቆየም። 46 ዓመቷ ነው። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ጀምራለች፤ በጸሎታችሁ አስቧት።

የምጽፈው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው ሁሉ ቡናው እስኪቀዳ ድረስ በሽታው ከየት እንደመጣ ይመረምራል። «ብስጭት ታበዛ ነበር እኮ» ይላል አንዱ። «ብብቷ ላይ የምትቀባው ነገር ነው» ትላለች ሌላዋ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ጡት ማስያዣ ለብሳ ስለምትተኛ ነው አለች። እህቴ መጠጥ በአፏ አይዞርም። ሦስቱንም ልጆቿን ጡት አጥብታ ነው ያሳደገችው። አጽዋማትን አታጎድልም። ይህን ሁሉ ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደ ግድግዳ ትዞራለች። አንጀቴን ነው የሚበላኝ።

እኔ 38 ነኝ። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። በአኗኗር የሚቀነስ ነገር በእርግጥ አለ? ካለስ፣ በጠዋት ታክሲ ተሰልፋ ሲመሽ ቤቷ ለምትገባ ሴት የሚሆነው የቱ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ።

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:25

እህትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የምሠራው ካንሰር ሕክምና ላይ ነው፤ አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ታሪክ ከታካሚዎቼ ደጋግሜ እሰማለሁ። ስለዚህ ከጎረቤቶቹ ልጀምር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ የጡት ካንሰር ከሚይዛቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ሴት ከመሆናቸውና ዕድሜያቸው ከ40 ከማለፉ በቀር ይህ ነው የሚባል አጋላጭ ነገር አይገኝባቸውም። በዘር የሚተላለፈው ከ100 ታማሚ ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። ጡት ማስያዣም ሆነ የብብት ሽታ ማጥፊያ ካንሰር እንደሚያመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ብስጭትም እንደ መንስኤ አልተረጋገጠም። እህትሽ ምንም አላጠፋችም። ይህቺን አንቀጽ አንብቢላት።

ልማድ ይቀንሳል ወይ? አዎ፣ ይቀንሳል። ጨርሶ አያጠፋም ግን። አጥር ያጠረ ሰው ጅብ ፈጽሞ አይገባበትም አይባልም፤ ካላጠረው ግን ይሻላል። ጡት ማጥባቷና አለመጠጣቷ ዕድሉን ቀንሶላት ነበር። ቢሆንም ታመመች። ሁለቱም እውነት ነው።

ጠንካራ ማስረጃ ያላቸው ልማዶች ብዙ አይደሉም። መጠጥ አለመጠጣት ወይም በጣም መቀነስ፣ ከማረጥ በኋላ ክብደትን መጠበቅ፣ መንቀሳቀስ፣ ጡት ማጥባት። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ሲጋራም ቢሆን አደጋ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ለሌላውም ካንሰር መተው ነው።

ለምን ብትዪ፣ አብዛኛው የጡት ካንሰር የሚያድገው ኤስትሮጅን በሚባለው ሆርሞን እየታገዘ ነው። ሆርሞኑ በዝቶ በቆየ ቁጥር የጡት ሴሎች ይባዛሉ፤ በተባዙ ቁጥር ደግሞ አንዱ የመበላሸት ዕድሉ ይጨምራል። አልኮል ኤስትሮጅንን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል፣ ዘረ መልን ወደሚጎዳ ነገር ይለወጣል። ሴት ስታርጥ እንቁልጢዋ (ኦቫሪ፣ የሴቷ እንቁላል የሚወጣበት) ሥራ ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ኤስትሮጅን በዋናነት የሚሠራው በሰውነቷ ስብ ውስጥ ነው። ስለዚህ በ30ዎቹ ዕድሜ የሚመጣ ውፍረትና በ60 የሚመጣ ውፍረት ለጡት አንድ አይደሉም። አደገኛው የኋለኛው ነው።

ባለትዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:50

ዶክተር፣ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ማታ ከእራት ጋር አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ትጠጣለች። «ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል ነው የኖርነው። አንድ ብርጭቆም ትቆጠራለች?

ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ወንድሜ፣ ትቆጠራለች። አልኮል ካንሰር አምጪ ተብሎ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካው ሰርጀን ጄኔራል (የመንግሥቱ ዋና የሕዝብ ጤና ሐኪም) ስለዚሁ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። የጡት ካንሰርን በተመለከተ ያስቀመጠውን ቁጥር እኔ ለታካሚዎቼ የምነግረው እንዲህ ነው። በሳምንት አንድ መጠጥ እንኳን ከማይሞሉ 100 ሴቶች በዕድሜ ዘመናቸው ወደ 11 ያህሉን ይይዛቸዋል። በቀን አንድ ከሚጠጡት ወደ 13። በቀን ሁለት ከሚጠጡት ወደ 15። አንድ መጠጥ የሚባለው በግምት አንድ ጠርሙስ ቢራ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ወይን ነው።

ከ100 ሁለት ሴት መጨመር ለአንዳንዱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ትንሽ አይደለም። ከሁለቱ አንዷን በስም አውቃታለሁና።

ደግሞ የመጠጡ ዓይነት ለውጥ የለውም። «ወይን ለስለስ ይላል፣ ለሴት ይሆናል» የሚባለው ወሬ ነው። ቢራም፣ ወይንም፣ ጠጅም፣ አረቄም ውስጡ ያለው ያው አልኮል ነው። የቤት ጠጅ ደግሞ ማን ለክቶት? አንዱ ቤት ለስላሳ፣ ሌላው ቤት ራስ የሚያዞር ነው። ጃምቦ ድራፍትም ከአንድ ጠርሙስ ይበልጣል፤ «አንድ ብቻ ነው የጠጣሁት» ስትሉ ይህን አስቡት።

ባለትዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:41

ገባኝ። ዛሬውኑ አሳያታለሁ። እኔም አብሬ እተዋለሁ፤ አንዱ እየጠጣ አንዱን ተይ ማለት አይሆንም።

አወያይ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

የሽፈራው ዱቄት «ካንሰርን ከሥሩ ይነቅላል» የሚል ማስታወቂያ ከነስልክ ቁጥሩ እዚህ ተለጥፎ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። ሽፈራውን በምግብነት መብላት የእናንተ ነው። በሽታ ላይ ላለ ሰው መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ግን እዚህ አይፈቀድም።

እናት ከሐዋሳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:30

ልጆቼ፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው። ስለ ውፍረቱ ዶክተሯ ያለችው እውነት ነው፤ የሚያስቸግረው ደግሞ ሰው ነው። ካረጥኩ በኋላ ቀሚሴ ሁሉ ሲጠበኝ «አማረብሽ፣ ተመቸሽ» ነበር የሚሉኝ። ስቀንስ ደግሞ «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?» ብለው ደወሉልኝ። በአገራችን ውፍረት የምቾት ምልክት ነው፤ ክሳት የችግር። ይህ ልባችን ውስጥ ስለተቀመጠ ነው ምግብ ቀንሺ ሲሉን የምንቀየመው።

እኔና ጎረቤቶቼ በጠዋት ኪዳን አድርሰን፣ ሸራ ጫማችንን አጥልቀን፣ ነጠላችንን ወገባችን ላይ አስረን የሐይቁን ዳር ይዘን እንሄዳለን። አሞራ ገደል ድረስ ደርሰን እንመለሳለን። ጨዋታው አይቋረጥም። እንዲያውም ጤና ጣቢያ ያለች ልጅ የነገረችን መለኪያ ይኸው ነው፤ እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ ልኩ እሱ ነው አለችን። ማውራትም ካቃተሽ አብዝተሻል። መዝፈን ከቻልሽ ደግሞ ገና ነሽ።

ምግቤን በሙሉ አልቀየርኩም። ሽሮዬ፣ ምስሬ፣ ጎመኔ እንዳለ ነው። የቀነስኩት ዘይቱን ነው፣ ቡናዬ ላይ የምጨምረውን ስኳርና ከሰዓት በኋላ የምበላውን ቦምቦሊኖ። ሌላ የተለየ ነገር የለም።

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ማክሰኞ፣ ቀን 6:15

እናቴ፣ ያቺ ልጅ ትክክል ናት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ነው። የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ የጡት ካንሰር አደጋቸው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ነው በጥናቶች የሚታየው። ቀጭኗም ወፍራሟም ትጠቀማለች።

ለአራት ኪሎዋ እህታችን፦ ለጂም የሚሆን ጊዜም ገንዘብም የለኝም ካልሽ ትክክል ነሽ፤ ጂም አያስፈልግሽም። ከሥራ ስትመለሺ ታክሲውን ፒያሳ ላይ ውረጂለትና እስከ አራት ኪሎ በእግርሽ ግቢ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል። በፈጠነ እርምጃ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ጠዋትም ማታም አምስት ቀን ካደረግሽው ከ150 ደቂቃው አለፍሽ። ጠዋት ካልተመቸሽ በማታው ጀምሪና ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዘሽ ጨምሪበት።

የአራት ኪሎዋ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:02

እሺ፣ ይህ ይቻላል። ስለ ጾሙስ? «ጾም ካንሰርን ያስርበዋል» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ሲዞር አይቻለሁ።

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ማክሰኞ፣ ቀን 7:20

አልተረጋገጠም። ጾም ለነፍስሽ ነው፤ ለእሱ ጹሚ። የጾም ገበታችን ግን በራሱ መልካም ነገር አለው። ጥራጥሬው፣ አትክልቱ፣ የጤፍ እንጀራው አሠር (ፋይበር) ይሰጣሉ። አሠር አዘውትረው የሚበሉ ሴቶች አደጋቸው መጠነኛ ቅናሽ እንዳለው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ችግሩ ማፍጠሪያው በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ለስላሳ መጠጥ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ክብደቱ በጾሙ ወራትም ይጨምራል።

በኬሞ ላይ ያለች ሴት ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ ከምግብ መከልከል የለባትም። እህትሽ ስለዚህ ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገር፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያኗ አስተያየት ታደርጋለች።

አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:45

ስለ ጡት ማጥባት ማንም በዝርዝር ስላልጻፈ እኔ ልግባበት። ሥራዬ ነው፤ በጣምም የሚቆረቁረኝ ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ ትንተና አለ። በ30 አገሮች የተሠሩ 47 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ ነው ያየው። አንዲት እናት ባጠባችው በእያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር አደጋዋ በ4.3 በመቶ ይቀንሳል። በእያንዳንዱ ወሊድ ደግሞ ለብቻው በ7 በመቶ ይቀንሳል። 12 ወሩ በአንድ ልጅ መሙላት የለበትም፤ የልጆቹ ሁሉ ይደመራል። ሦስት ልጆች ሁለት ሁለት ዓመት ያጠባች እናት ስድስት ዓመት አላት ማለት ነው።

የገጠር እናቶቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል። አሁን የሚያሳስበኝ የከተማዋ እናት ናት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ልጅ ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላው የእናቱን ጡት ብቻ ነው መጥባት ያለበት። መሀል ላይ ሦስት ወር ይጎድላል። በዚያች ሦስት ወር ነው የጣሳ ወተት ቤት የሚገባው። አንዴ ከገባ ጡቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆማል። አንዲት የማውቃት እናት መሥሪያ ቤቷ ቦታ ስለሌለው ሽንት ቤት ቆማ፣ በሩን በእግሯ ገፍታ ይዛ ወተቷን ታልብ ነበር። ጓደኞቿ ሲያንኳኩ ግማሹን ትደፋዋለች። ይህችን እናት «ለምን አላጠባሽም» ብሎ መውቀስ ይቻላል? አሠሪዎች አንድ የሚቆለፍ ክፍልና አንድ ወንበር ቢሰጡ ምን ይጎድልባቸዋል?

ለምትሠሩ እናቶች፦ ሥራ ከመግባታችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ማለብ ተለማመዱ። እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ። የታለበው ወተት በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ሙቀት በሚበዛበት አገር ከ4 ሰዓቱ ቀንሱ። እሳት ላይ አትጣዱት፤ ዕቃውን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጡና ይሙቅ። ማታና ንጋት ላይ ደግሞ ልጁ ራሱ ይጥባ፤ ወተቱ እንዳይደርቅ የሚያደርገው እሱ ነው።

ያልወለደች፣ ወይም ወልዳ ማጥባት ያልቻለች እህት ይህን አንብባ እንዳትደነግጥ። እሷ የምትይዛቸው ሌሎች ልማዶች አሉ።

ሊያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

እና የወሊድ መከላከያው? የአራት ኪሎዋን እህት «መርፌው ነው» ያላትም ይኖራል። እኔ 27 ነኝ፤ ልተወው?

አዋላጅ ነርስ፣ ባሕር ዳር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:50

ፈርተሽ ብቻ አትተዪው፣ እህቴ። በዴንማርክ 1.8 ሚሊዮን ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። ሆርሞን ያለበት መከላከያ ከሚወስዱ ወደ 7,700 የሚጠጉ ሴቶች መካከል በዓመት አንድ ተጨማሪ የጡት ካንሰር ነው ያገኘው። ከ35 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ወደ 50,000 ሴት አንድ ነው። አደጋው አለ፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። ካቆሙም በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ኪኒኑ በሌላ በኩል የእንቁልጢና የማሕፀን ካንሰርን ይቀንሳል። ያልታሰበ እርግዝና እዚህ አገር ምን እንደሚያስከትል እኔ በየቀኑ አያለሁ። በቤተሰብሽ የጡት ካንሰር ካለ ግን ንገሪያቸው፤ ሆርሞን የሌለበት ሉፕም አለ።

ወጣት ከነታንያ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እናቴ ጎንደር ገጠር ሳለች ውኃ ለመቅዳት ተራራ ትወርድ ነበር። እዚህ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ ሊፍት አለ፣ ዳቦው ነጭ ነው፣ ጣፋጩ በየጠረጴዛው ነው። ስኳር በሽታ በእኛ ማኅበረሰብ እንዴት እንደገባ ሁላችንም አይተናል። የዚያው አኗኗር ውጤት ጡት ላይም እንደሚመጣ ዛሬ ከእናንተ ተማርኩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እዚህ ከ50 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) በነፃ ይታያሉ። ቁፓት ሖሊም (የጤና መድን ድርጅቱ) ደብዳቤ ይልካል። ደብዳቤው በዕብራይስጥ ነው። እናቶቻችን ከመብራት ሒሳቡ ጋር መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። እስራኤል ያላችሁ ልጆች፣ ዛሬ ማታ የእናታችሁን መሳቢያ ክፈቱ። ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙላት፣ አብራችኋት ሂዱ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነርስ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

አሜሪካ ላላችሁም፦ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ምክሩ ከ40 ዓመት ጀምሮ እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ ነው። ኢንሹራንስ የሌላት፣ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነች ሴት በየስቴቱ ባለው የመንግሥት የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራ ፕሮግራም በነፃ መታየት ትችላለች። የአካባቢሽን ጤና ቢሮ ጠይቂ።

እዚህ ብዙዎቻችን ሌሊት ነው የምንሠራው፤ ፓርኪንግ፣ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን ቤት። የሌሊት ፈረቃ ለዓመታት ሲቀጥል ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ይታሰባል፤ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገና መርምሮ በዚያው አቋሙ ጸንቷል። የቤት ኪራይ ያለባትን ሴት ሥራ ልቀቂ አልልም። የቀን ፈረቃ ሲከፈት ግን መጀመሪያ አመልክቺ።

የሰው አገር | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:30

ሪያድ ነው ያለሁት፣ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አሁን ነው የተኙት። የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። እኔ ውጪ ወጥቼ መራመድ አልችልም። የቤት ሥራ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጠራል ወይ? ሦስት ፎቅ ነው የማጸዳው።

ሌላም ነገር አለ። ግራ ጡቴ ላይ፣ ወደ ብብቴ በኩል፣ አንድ ጠንከር ያለ ነገር አለ። ሽምብራ ያህል ነበር፣ አሁን ተለቅ ብሏል። አያመኝም። 33 ዓመቴ ነው። ለማዳም ብነግራት ወደ አገር ትመልሰኛለች ብዬ ፈራሁ። ልጄን የማስተምረው በዚህ ደመወዝ ነው። ኮንትራቴ ስምንት ወር ቀርቶታል፤ ስጨርስ አገሬ ገብቼ ልታየው?

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 12:50

እህቴ፣ ስምንት ወር አትጠብቂ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ለአንቺ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ አትደንግጪ። በአንቺ ዕድሜ ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ግን ካንሰር መሆን አለመሆኑን በእጅ ነክቶ ማንም አይለየውም፣ እኔም አልለየውም። አለማመሙ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም። እያደገ መምጣቱ ደግሞ የግድ መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብ ምልክት ይዛ የመጣች ሴት በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ ተጠናቆ ውጤቷን እንድታውቅ ነው።

እዚህ አገር ከሚመጡልን ሴቶች አብዛኞቹ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሰው ነው። ያመማቸው ቀድሞ ነው፤ ፈርተው ነው የቆዩት፣ ገንዘብ አጥተው ነው፣ የሚልካቸው አጥተው ነው። በጊዜ የተያዘ ግን ብዙውን ጊዜ ይድናል። ታክመው ልጅ ድረው የሚጠይቁኝ ሴቶች አሉ።

ለማዳም ስትነግሪ «ካንሰር» አትበዪ፣ አላወቅሽምና። «ጡቴ ላይ እብጠት ወጥቷል፣ ሐኪም ይየው» በዪ። አልትራሳውንድ ያነሱሻል፤ አጠራጣሪ ከሆነ በመርፌ ናሙና ይወስዳሉ። ውጤቱን በወረቀት ተቀበዪ፣ ፎቶ አንሺው።

የቤት ሥራሽ ይቆጠራል። ሦስት ፎቅ ደረጃ የምትወጪ የምትወርጂ ሴት ከማንኛችንም በላይ ትንቀሳቀሻለሽ። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።

ወለተ ማርያም | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:15

የሪያዷ እህቴ፣ እመቤቴ ትርዳሽ። የእኔ እናት እብጠቱን ደብቃ ጠበል ብቻ ስትመላለስ ቆየች። ጠበል የሚያጠምቋት አባት ራሳቸው ናቸው ቁስሉን አይተው «ልጄ፣ ሐኪም የፈጠረውም እግዚአብሔር ነው፤ ሄደሽ ታይተሽ ነይ» ያሏት። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ይዛ ሄደች። ቀድማ ብትሄድ ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ። አንቺ ዛሬ ንገሪያት።

እናት ከሐዋሳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ልጄ፣ ደመወዙም ልጅሽም የሚኖሩት አንቺ ስትኖሪ ነው። ንገሪያት።

የአራት ኪሎዋ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

እህቴን አስነበብኳት። የሪያዷን ስታነብ አለቀሰች፤ «ስልኳን ባገኘው እኔው እደውልላት ነበር» አለች።

ዶክተር፣ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። እኔና ልጆቼስ ምን እናድርግ? እህቴስ በኬሞ ላይ ሆና መራመድ ትችላለች ወይስ ተኝታ ማረፍ ነው ያለባት? እናታችን ከአልጋ እንድትወርድ አትፈቅድላትም።

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35

እህት የታመመችባት ሴት አደጋዋ ካልታመመባት ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ገደማ ነው። ያ ማለት ይይዝሻል ማለት አይደለም፤ ከእህትማማቾች አብዛኞቹ አይታመሙም። ግን ቀድመሽ ክትትል ጀምሪ። ብዙ ጊዜ የሚመከረው የታመመችው ሰው ከተገኘባት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እህትሽ በ46 ከሆነ ያንቺ 36 ነበር፤ ስለዚህ በዚህ ወር ሂጂ። የእህትሽን የናሙና ውጤት ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። በአንቺ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን ከማሞግራሙ ጋር አልትራሳውንድም ሊያዙልሽ ይችላሉ። የእናትሽን፣ የአክስቶችሽን የጤና ታሪክም ጠይቀሽ ጻፊው፤ የእንቁልጢ ካንሰርም ካለ ንገሪያቸው።

ከዚያ ውጪ ጡትሽን እወቂው። ሻወር ስትወስጂ ዳብሺው። አዲስ እብጠት፣ ቆዳው ወደ ውስጥ መግባት ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መጎድጎድ፣ የጡት ጫፍ መገልበጥ፣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ብብት ሥር እብጠት፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሽ የዚያኑ ሳምንት ሂጂ። ልጆችሽ ላይ ፍርሃት አትጫኚባቸው። ይሩጡ፣ ገመድ ይዝለሉ፣ ቤት ውስጥ መጠጥ እንደ ጌጥ አይይ።

እህትሽ መራመድ ትችላለች፤ ቢቻላት እንዲያውም ይመከራል። በኬሞ ጊዜ ቀስ ብለው የሚንቀሳቀሱ ሴቶች ድካሙ ይቀልላቸዋል፣ እንቅልፋቸውም ይሻላል። ግቢውን ዞር ዞር ከማለት ትጀምር፣ መድኃኒቱ በተሰጣት ማግሥት ካቃታት ትተወው፣ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኗ እንደገና ትሞክር። ሰው የሚጋፋበት ቦታ አትሂድ። ትኩሳቷ 38 ከደረሰ ግን ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ነገ ከፋርማሲ ግዙ።

የሰው አገር | ዓርብ፣ ከሌሊቱ 7:05

ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ የራሷ እናት በዚህ ታማ እንደነበር ነገረችኝ። እሑድ ራሷ ትወስደኛለች። የአልትራሳውንዱን ጽሑፍ ሲሰጡኝ ፎቶ አንስቼ እዚህ ብለጥፈው ዶክተር ታይልኛለሽ?

ሐኪም ከካንሰር ክፍል | ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12:40

አያለሁ። ግን ስምሽን ሸፍነሽ፣ እዚህ ሳይሆን በግል መልእክት ላኪልኝ።